አኳሪየማችሁን አልጌ ለወረሰባችሁ፦ መጀመሪያ መብራቱን ንኩ

እማዬ አንድ ቅዳሜ ሳሎን ገብታ አኳሪየሙን ትክ ብላ ስታየው ቆየችና "አንተ ልጅ፣ አሳ ነው ወይስ ጎመን ነው የምታሳድገው?" አለችኝ። ምን ልበላት፣ እውነቷን ነው። 120 ሊትሯ አኳሪየሜ ያኔ ገና ሶስት ወር አልሞላትም፣ መስታወቱ አረንጓዴ፣ ድንጋዩ ጥቁር ጺም ያበቀለ፣ ቅጠሎቹ ላይ ደሞ እንደ ሸረሪት ድር የሚጎተት ነገር የተጠመጠመባቸው፣ ይሄ ሁሉ አልጌ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ አሳዎቹን ለማየት መስታወቱ ላይ አፍንጫውን መለጠፍ ነበረበት። እሁድ እሁድ እፈገፍጋለሁ፣ ረቡዕ ተመልሶ ቁጭ። የአልጌ መድሃኒት ተብሎ የሚሸጥ ጠብታ ገዝቼ ጨመርኩ፣ አልጌው ትንሽ ገረጣ፣ በነጋታው ግን ስምንቱም ሽሪምፖቼ ተጋድመው አገኘኋቸው፣ ከዛ በኋላ ነው ጠርሙሱን ገልብጬ ያነበብኩት፣ ኮፐር (መዳብ) አለው፣ ኮፐር ደሞ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው። እናንተ ጠርሙሱን ቀድማችሁ አንብቡ።

ይሄን የምጽፈው ተክል ላለበት ጨው አልባ አኳሪየም ነው፣ ፕላስቲክ ተክል ያስገባችሁ ሰዎች ብዙው አይመለከታችሁም፣ እናንተ አውጥታችሁ ማጠብ ትችላላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልጌን ጨርሶ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም፣ ዘሩ ውሃው ውስጥም አዲስ በገዛችሁት ተክል ላይም አለ፣ አሁን በጣም ንጹህ የሚመስለው አኳሪየም ውስጥም አለ። የምትችሉት ተክሉ እንዲያሸንፈው ማድረግ ነው። ተክሉን ደሞ ስራ የሚያስገባው መብራት ነው፣ መብራት ሲበራ ተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፣ ከዚህ በኋላ ሲኦቱ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ናይትሬት ይፈልጋል፣ ፎስፌት፣ ፖታሺየም፣ ብረት ምናምን ይፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት ሀይለኛ መብራት ማብራት ማለት እንግዳ ጠርቶ ባዶ ሞሰብ እንደማቅረብ ነው፣ ተክሉ ይደክማል፣ ቅጠሉ ይበሰብሳል፣ ከቅጠሉ የሚወጣውን ደሞ አልጌ ይበላዋል፣ አልጌ በጥቂት ነገር የሚኖር ፍጥረት ነው። ስለዚህ ሰው ፎቶ ልኮ "ምን ልጨምርበት?" ሲለኝ ሁሌም የምጠይቀው መብራቱ ስንት ሰዓት እንደሚበራ ነው። አስር፣ አስራ ሁለት ሰዓት ይሉኛል። አለቀ፣ ሌላ ጥያቄ አያስፈልገኝም።

በቀን 6 ሰዓት። ዛሬውኑ እዛ አውርዱት። ተክሉ እየጠነከረ አልጌው እየቀነሰ ከሄደ ከወር በኋላ ወደ 7፣ ከዛም ወደ 8 ሰዓት መውጣት ይቻላል፣ ከ8 በላይ ግን ምንም ጥቅሙ አልታየኝም። መብራቱ የሚቀንስ ዲመር ካለው ወደ ግማሽ አውርዱት፣ ዲመር ከሌለው ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት ወይ ውሃው ላይ ተንሳፋፊ ተክል አድርጉበት። በእጅ አብርቶ በእጅ ማጥፋት አይሰራም፣ ትረሳላችሁ፣ ታይመር ግዙ።

ታይመር ስትገዙ ግን የኔ ነገር እንዳይደርስባችሁ። ዲጂታል ታይመር ገዝቼ ከቀኑ 8 ሰዓት በርቶ ማታ 2 ሰዓት እንዲጠፋ ፈልጌ 8:00 እና 2:00 ብዬ ሞላሁትና ለስራ ፊልድ ወጣሁ። አስር ቀን። ታይመሩ ያለው በፈረንጅ ሰዓት ነው ለካ፣ በሱ 8:00 ማለት የኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ 2:00 ደሞ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ማለትም መብራቱ በየቀኑ 18 ሰዓት ሲበራ ከረመ። ስመለስ ውሃው የጎመን መረቅ መስሏል። "እማዬ መብራቱ ሌሊት እንደማይጠፋ አላየሽም?" ስላት "አየሁ እንጂ፣ አንተ ያደረከው ስለመሰለኝ እንዳልነካብህ ብዬ ነው" አለችኝ። የኛን ከቀኑ 8 ሰዓት ከፈለጋችሁ 14:00 ነው የሚሞላው፣ ማታ 2 ሰዓት 20:00። ርካሹ የሚሽከረከረው ታይመር ደሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ መብራት ኃይል ሲያጠፋ ሰዓቱም አብሮ ይቆማል፣ ሳምንት ውስጥ ሶስቴ ለሁለት ለሁለት ሰዓት ከጠፋ ታይመራችሁ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ መብራት በመጣ ቁጥር ማስተካከል አትርሱ፣ ወይ ባትሪ ያለውን ግዙ።

ሁለተኛው የመብራት ጉዳይ መስኮት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ በጋ ላይ በምስራቅ መስኮት የሚገባው የጠዋት ጸሐይ ከየትኛውም ኤልኢዲ ይበልጣል። ታይመራችሁ ስድስት ቢልም ጸሐዩ በላዩ ሶስት አራት ሰዓት ከጨመረበት ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ከቻላችሁ አኳሪየሙን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዙሩት፣ ሞልቶ ከሆነና ማንሳት ካልቻላችሁ፣ ያው 120 ሊትር ከነድንጋዩ 150 ኪሎ ነው፣ ወገቤን ነው ያልኩት፣ የመስኮቱን በኩል ጎን በጥቁር ካርቶን ሸፍኑት። እኔ ጀርባውን የሸፈንኩት በድሮ ካሌንደር ጀርባ ነው፣ ማንም አያየውም።

መብራቱን ካወረዳችሁ በኋላ ያላችሁ አልጌ የቱ እንደሆነ ለዩ፣ ምክንያቱም መድሃኒታቸው አንድ አይደለም።

ቡናማ አቧራ የመሰለ፣ በጣት ሲነካ ወዲያው የሚለቅ ከሆነ ዲያተም ይባላል፣ አዲስ አኳሪየም ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የማይመጣበት ሰው የለም፣ በስፖንጅ ጥረጉት፣ ጠብቁ፣ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ደንግጦ መድሃኒት የሚገዛው በዚህኛው ነው፣ ከሁሉም የማያሳስበው ደሞ እሱ ነው።

መስታወቱ ላይና እንደ አኑቢያስ ባሉ ቀስ ብለው በሚያድጉ ተክሎች ቅጠል ላይ ጠንካራ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካያችሁ ብዙ ጊዜ መብራት በዝቶ ፎስፌት አንሷል ማለት ነው። መስታወቱን በምላጭ አስልታችሁ ፈግፍጉት፣ አክሪሊክ ከሆነ ግን ምላጭ እንዳታስጠጉ ይቧጨራል። ቅጠሉ ላይ ያለው አይለቅም፣ ቅጠሉን ቁረጡት በቃ።

ክር የሚመስለው ረጅሙ አረንጓዴ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፓስታ በሹካ እንደሚጠቀለል እየጠቀለላችሁ አውጡት። ይሄ ስራ ደስ ይላል ብል ታምኑኛላችሁ? ቡና እየጠጣሁ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠቅልዬ አውቃለሁ። በእጅ ያወጣችሁት እያንዳንዱ እፍኝ በኬሚካል የማትገድሉት እፍኝ ነው፣ ገድላችሁት እዛው ቢበሰብስ ደሞ ተመልሶ ለሌላው አልጌ ምግብ ይሆናል።

ውሃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ፣ አሳው እስከማይታይ ድረስ፣ እሱ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ በዓይን የማይታይ አልጌ ነው፣ ውሃ በመቀየር አታሸንፉትም፣ ግማሹን ብትደፉት ግማሹ በሁለት ቀን ይተካዋል። ወይ አልጌውን የሚገድል ዩቪ መብራት ያለው ፊልተር፣ ወይ ደሞ ጨለማ። ጨለማው እንዲህ ነው፦ መብራቱን ንቀሉ፣ ሲኦቱ ካላችሁ ዝጉ፣ ኤር ፓምፕ አስገቡ፣ አኳሪየሙን በጥቁር ፌስታል ከዛ በላይ በታጠፈ ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ ሶስት ቀን ሙሉ ገልጣችሁ እንዳታዩ፣ እንዳትመግቡም፣ አሳ ሶስት ቀን ባይበላ ምንም አይሆንም። በአራተኛው ቀን ገልጣችሁ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። ኤር ፓምፑን በዋዛ እንዳታዩት፣ ተክል በጨለማ ኦክስጅን አያመርትም እንዲያውም ይጠቀማል፣ አዲስ አበባ ደሞ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፣ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን በተመሳሳይ ሙቀት ባህር ዳርቻ ያለ ከተማ ውሃ ከሚይዘው ሶስት አራተኛው ብቻ ነው። የፈረንጆች ቪዲዮ ላይ "አያስፈልግም" ቢሏችሁ እነሱ ያሉበት ሌላ ነው።

አሸዋውንና ተክሉን እንደ ወተት ስልባቦት የሚሸፍን፣ ሲነሳ በአንድ ላይ እየተላጠ የሚነሳ፣ የረጋ ኩሬ የሚሸት ሰማያዊ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ እሱ በትክክል አልጌ አይደለም፣ ሳያኖባክቴሪያ ነው። ቢሾፍቱ ያለችው አረንጓዴ ሐይቅ ስሟን ያገኘችበት ቀለም ከዚሁ ዘር ነው የሚመጣው፣ ስፒሩሊና እየተባለ በዱቄት የሚሸጠውም የሱ ዘመድ ነው፣ እኛ ቤት ሲመጣ ግን ጥሩ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው የውሃው እንቅስቃሴ በሞተበት ጥግ፣ ቆሻሻ በተከማቸበት፣ ናይትሬት ደሞ ወደ ዜሮ በወረደበት ነው። በቱቦ እየሳባችሁ አውጡት፣ የፊልተሩን አፍ ወደዛ ጥግ አዙሩ፣ ናይትሬቱን ወደ 10 ፒፒኤም (በሊትር 10 ሚሊ ግራም) አንሱት፣ አጨማመሩን ታች ስለ ማዳበሪያ ስጽፍ ታገኙታላችሁ፣ ከዛ ከላይ ያልኩትን የሶስት ቀን ጨለማ አድርጉ። አንቲባዮቲክ ፈጭተው የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፣ እኔ አልስማማም፣ የፊልተሩን ጥሩ ባክቴሪያም ሊጎዳ ይችላል፣ ያ ውሃ ደሞ መጨረሻው ቱቦ ውስጥ ነው፣ ለሰው የምንፈልገው መድሃኒት ለአሸዋ ማጠቢያ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ጥቁሩ ጺም። የሁላችንም ራስ ምታት ይሄ ነው። ድንጋይ ላይ፣ እንጨት ላይ፣ የፊልተር ቱቦ ላይ፣ የቅጠል ጠርዝ ላይ ጥቁር ወይ ግራጫ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ሆኖ ይበቅላል፣ ብትጎትቱት አይነቀልም፣ ቅጠሉን ይዞ ይመጣል። ጥቁር ይምሰል እንጂ ወገኑ ቀይ አልጌ ነው፣ ካላመናችሁ ትንሽ ቆርጣችሁ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ውስጥ ክተቱት፣ አረንጓዴው ቀለም ይወጣና ቀይ ሆኖ ይቀራል። የሚወደው ከፍ ዝቅ የሚል ሲኦቱና የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። የኔ እንዴት እንደመጣ አሁን አውቀዋለሁ፣ የእርሾ ሲኦቱ ነበረኝ፣ እርሾ ስኳር ሲበላ ሲኦቱ ያወጣል፣ የ2 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ 400 ግራም ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ክዳኑን በስቼ የጉሉኮስ ቱቦ አስገብቼ፣ የጉሉኮሱ ጠብታ መቁጠሪያ አረፋ ለመቁጠር ግሩም ነው ባይገርማችሁ። መጀመሪያው ሳምንት አረፋው ይንፎለፎላል፣ ሁለተኛው ሳምንት መካከለኛ፣ ሶስተኛው ላይ ሞተ። ሐምሌ ላይ ደሞ ሳሎኑ ሲቀዘቅዝ እርሾው እንደ ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ይተኛል፣ ምንም አያመርትም። ተክሉ አንዴ ጠግቦ አንዴ ጾሙን፣ ጺሙ በዛ መሃል ገባ።

ስለዚህ ሲኦቱ ከሰጣችሁ እኩል ስጡ፣ ካልቻላችሁ ጭራሽ አትስጡ። የሲኦቱ ሲሊንደርና ልኩን የሚቆጣጠር ሬጉሌተር መግዛት የሚችል ሰው መብራቱ ሊበራ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሲኦቱውን ይክፈት፣ መብራቱ ሊጠፋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይዝጋ፣ ድሮፕ ቼከር የምትባለውን ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ውሃ ውስጥ ይስቀል፣ ሰማያዊ ከሆነ አንሷል፣ አረንጓዴ ከሆነ 30 ፒፒኤም አካባቢ ነው፣ ቢጫ ከሆነ በዝቷል። ብልቃጧ ቀለም የምትቀይረው አንድ ሁለት ሰዓት ዘግይታ ስለሆነ አሳዎቹን እዩ፣ ላይ መጥተው አየር የሚጎርሱ ከሆነ ቼከሩን አትጠብቁ፣ ወዲያው ዝጉና ውሃውን አነቃንቁ። ብሩ ከሌለ ደሞ፣ ለብዙዎቻችን እንደሱ ነው፣ ያለ ሲኦቱ የሚኖሩ ተክሎች ያዙ፣ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ክሪፕቶኮሪን፣ ቫሊስኔሪያ፣ ከዝቅተኛ መብራት ጋር። የእርሾዋን ሃይላንድ እኔ ከጣልኳት ሁለት ዓመቷ ነው፣ ስኳሩም ለሻይ ተርፏል።

ያለውን ጺም ለመግደል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተጠቀሙ፣ ቁስል ማጠቢያው፣ ፋርማሲ አለ። 3 ፐርሰንት የሚለውን ነው፣ 6 ከሆነ ልኩን በግማሽ ቀንሱ። በአንድ ቀን ለ10 ሊትር ውሃ ከ4 ሚሊ አትለፉ፣ የኔ 120 ሊትር ከአሸዋና ድንጋዩ ሲቀነስ 100 ሊትር ውሃ ነው ያለው፣ ስለዚህ ጣሪያዬ 40 ሚሊ። ፊልተሩን ንቀሉ፣ ውሃው እስኪረጋ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ መርፌውን ነቅላችሁ በሲሪንጁ ብቻ ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ ጺሙ ላይ አስጠግታችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ ትንንሽ አረፋ ጺሙ ላይ ሲንተከተክ ታያላችሁ። አሳ መጥቶ ሊያሸት ይሞክራል፣ በጣት አባሩት። አስር ደቂቃ ጠብቁ፣ ፊልተሩን ሰኩ፣ ሲሶ ወይ ግማሽ ውሃ ቀይሩ። በሁለተኛው ሶስተኛው ቀን ጥቁሩ ወደ ሮዝ ከዛ ወደ ነጭ ይሄዳል፣ ሮዝ ሲሆን ሞቷል፣ ያኔ ቀንድ አውጣውም ሽሪምፑም መጥቶ ይግጠዋል። ሞስ የሚባለው ተክልና ቫሊስኔሪያ ላይ ጠንቀቅ በሉ ይጎዳቸዋል። ድንጋይና ቱቦ ከሆነ የተወረረው እንዲህ መልፋት የለም፣ አውጥታችሁ አንድ እጅ በረኪና ከሃያ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ዘፍዝፉት፣ ከዛ ብዙ ጊዜ አለቅልቁ፣ የበረኪና ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ፣ ከዛም ክሎሪን ማጥፊያ ባለው ውሃ አሳድሩት። በረኪናና ፐርኦክሳይድ አንድ ላይ እንዳትቀላቅሉ በናታችሁ።

ውሃ መቀየር ላይ ብዙ አልፈላሰፍም፣ በሳምንት ግማሹን፣ አኳሪየሙ አዲስ ከሆነ በሳምንት ሁለቴ። ችግሩ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄን ማድረግ ነው፣ እኔ ለዚህ ብዬ የአሳ ብቻ የሆኑ ሶስት ጄሪካኖች አሉኝ፣ ውሃ በመጣ ቀን ቀድሜ እሞላቸዋለሁ፣ እማዬ ለልብስ እንዳትወስዳቸው ቀይ ፕላስተር አስሬባቸዋለሁ። ከቧንቧ በቀጥታ ከሆነ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምሩ፣ ከሌላችሁ በሰፊ ባልዲ ክፍቱን አንድ ቀን አሳድሩት። ክረምት ላይ የሮቶ ውሃ በረዶ ነው፣ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ጨምራችሁ ለብ አድርጉት። የወጣውን ውሃ ደሞ እንዳትደፉት፣ ለጽጌረዳ እንደሱ ያለ የለም።

ፊልተሩን በወር አንዴ እጠቡ፣ ከአኳሪየሙ በወጣ ውሃ ነው እንጂ በቧንቧ ውሃ አይደለም፣ ውስጡ አሞኒያን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ክሎሪን ይገድላቸዋል፣ እነሱ ሲሞቱ አሞኒያ ይነሳል፣ አሞኒያ ሲነሳ ደሞ አልጌ ድግስ ይደግሳል። ከአኳሪየሙ ውጭ የሚቀመጠው ትልቁ ዝግ ፊልተር (ካኒስተር) ካላችሁና መብራት ግማሽ ቀን ከጠፋ፣ ሲመጣ ዝም ብሎ እንዲነሳ አታድርጉ፣ ውስጡ የታፈነው ውሃ ሸቷል፣ መጀመሪያ ከፍታችሁ ድፉት አለቅልቁት ከዛ ሰኩት። ይሄንን ያወቅኩት አንድ ጠዋት የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሳሎን ውስጥ ቆሜ ነው።

ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል። የእህቴ ልጅ ሲመጣ እንጀራ እየቆረሰ ይወረውርላቸው ነበር፣ "አጎቴ፣ እራባቸው እኮ!" ይለኛል፣ ምን ይደረጋል፣ አሁን እሱ ብቻ የሚመግብበት ትንሽ ማንኪያ ሰጥቼዋለሁና ተጠንቅቆ ነው የሚያደርገው።

ስለ ማዳበሪያ። ብዙ ሰው አልጌ ሲያይ የመጀመሪያው ሀሳቡ "ማዳበሪያ በዝቶ ነው" ብሎ ማቆም ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ፣ ተክሎቹ ቢጫ ሆኑ አልጌው ባሰበት። ቶም ባር የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ ለዚህ ታዋቂ ነው፣ ናይትሬትና ፎስፌት አውቆ እየጨመረ ተክሉ ጤነኛና ብዙ እስከሆነ ድረስ በዛ ምክንያት አልጌ እንደማይነሳ አሳየ፣ ዘዴውም በሳምንት ግማሽ ውሃ እየቀየሩ ማዳበሪያ በበቂ መስጠት ነው። ናይትሬት ከ10 እስከ 20፣ ፎስፌት ከ1 እስከ 2 ፒፒኤም አካባቢ ካለ ደህና ናችሁ። የታሸገው የአኳሪየም ማዳበሪያ ከተወደደ ፖታሺየም ናይትሬት፣ የአበባ እርሻዎች በውሃ አሟሙተው የሚጠቀሙበት፣ ለ100 ሊትር 1.6 ግራም ብትጨምሩ ናይትሬቱን በ10 ፒፒኤም ያነሳዋል። በግምት አይደለም፣ የወርቅ ሚዛን የመሰለችውን ትንሿን ሚዛን ተጠቀሙ። ዩሪያ ግን ወላ አንድ ፍሬ እንዳታስገቡ! አንድ ጓደኛዬ "ማዳበሪያ ማዳበሪያ ነው" ብሎ ከገጠር የመጣ ዩሪያ በቁንጥር ጨመረ፣ ዩሪያ ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ነው የሚቀየረው፣ በሶስተኛው ቀን አሳ የሚባል አልቀረውም።

ከኬሚካል ሁሉ የሚሻለው ግን ተክል ማብዛት ነው፣ መሬቱ ከግማሽ በላይ በተክል ካልተሸፈነ አልጌ ባዶውን ቦታ ይወስደዋል። ቶሎ የሚያድጉትን አስገቡ፣ ሆርንዎርት ለምሳሌ፣ ስር የለውም፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ በሳምንት ውስጥ በዓይናችሁ ፊት ይረዝማል፣ ጣና ላይም የሚገኝ ተክል ነው። በየሳምንቱ ግማሹን ቁረጡና ጣሉት፣ ያ የምትጥሉት ሁሉ አልጌው ሊበላው የነበረ ነው። ስትጥሉት ግን ቆሻሻ ውስጥ ወይ ጓሮ አድርቃችሁ፣ ወንዝ ወይ ሐይቅ ውስጥ አይደለም፣ እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ ምን እንዳደረገ አይተናል፣ እሱም ለአበባው ተብሎ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረ ተክል ነው። በዛው እምቦጭን ራሱን "ቆሻሻ ይመጥጣል አሉ" ብላችሁ ወደ ቤት እንዳታመጡ።

አልጌ በሊታ እንስሳት ይረዳሉ፣ ስራውን ግን አይሰሩላችሁም። አማኖ ሽሪምፕ ከሁሉም ጎበዝ ነው፣ ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሚያምሩ አኳሪየሞቹ ውስጥ እየተጠቀመ ያስተዋወቀው፣ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2015 አርፏል። እኛ ጋ ማግኘት ይከብዳል፣ ከተገኘም ውድ ነው። ነሪት የሚባለው ቀንድ አውጣ መስታወት ላይ ወደር የለውም፣ ጨው አልባ ውሃ ላይ አይፈለፈልም፣ ነጭ ነጭ እንቁላሉን ግን በየድንጋዩ ይለጥፋል። ሞሊ አሳም ለስላሳውን ክር ሲለቅም ይውላል። ሳከር እየተባለ በትንሽነቱ የሚሸጠውን ፕሌኮ ግን አስቡበት፣ ያ አውራ ጣት የምታክለው ነገር አድጋ ከ30 ሴንቲ ሜትር ታልፋለች፣ ከምትበላው አልጌ የምታወጣው ቆሻሻ ይበዛል። አንዱ ደሞ "ቆሮሶ አልጌ ይበላል አይደል፣ ከሐይቅ አንድ ላምጣልህ?" ብሎኝ ነበር፣ ይበላል፣ ከዛ ተክልህን ይበላል፣ ከዛ አሸዋህን ቆፍሮ ጎጆ ይሰራል፣ ከዛ አንተ ትበላዋለህ አልኩት።

ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን እንዳታደርጉት። ዛሬ መብራቱን 6 ሰዓት አድርጉ፣ በእጅ የሚወጣውን አውጡ፣ ግማሽ ውሃ ቀይሩ፣ የተበላሹ ቅጠሎችን ቁረጡ። ከዛ ሁለት ሳምንት ሌላ ምንም አትንኩ፣ በየሳምንቱ ውሃ ከመቀየር በስተቀር። በአንድ ቦታ በየእሁዱ ፎቶ አንሱ፣ ዓይን ይዋሻል፣ በየቀኑ የምታዩት ነገር የተለወጠ አይመስላችሁም። በሁለተኛው ሳምንት አዲስ የሚወጣውን ቅጠል እዩ፣ አሮጌው ላይ ያለው አልጌ አይጠፋም፣ አዲሱ ንጹህ ሆኖ ከወጣ እየሰራ ነው፣ አዲሱም ከተወረረ ዲመሩን ደሞ ቀንሱ ወይ ተክል ጨምሩ፣ አንዱን ብቻ፣ ሁለቱንም ካደረጋችሁ የቱ እንደሰራ አታውቁም። እኔ ስምንት ሳምንት ነው የፈጀብኝ። በሶስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጬ ልሸጠው ነበር፣ ገዢው ፎቶውን አይቶ ጠፋ።

አሁን መብራቴ ከ11 ሰዓት እስከ ማታ 5 ሰዓት ነው የሚበራው፣ ታይመሩ ላይ 17:00 እና 23:00፣ ከስራ ስገባ በርቶ እንዲጠብቀኝ። የፊልተሩ ቱቦ ጫፍ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ጺም አሁንም አለች፣ አዲሶቹ ሽሪምፖች ማታ ማታ እሷ ላይ ነው የሚሰበሰቡት፣ ትቻታለሁ።